እሺ ባዩ ፓክ ኤንኮስ

ኢማስ ዝናብ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ ቤተ ሙከራው ውስጥ ዘላ ገባችና ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በመዳፏ መታችው። መለኪያው ላይ ሲወጣ የነበረው ቁጥር ወደ ዜሮ ወረደ። የእሷ ልብ ግን ገና አልወረደም።

ግራፉን ያየችው ደረጃው ላይ ሳለች፣ በስልኳ ነበር። ወደ ናሙናዋ የሚላከው ኤሌክትሪክ ከጠዋቱ ብዙ እጥፍ ሆኗል። ናሙናው ጥፍር በምታህል የመስታወት ቁራጭ ላይ የተለበጠ ስስ ሽፋን ነው፤ በአቅራቢያቸው ካለው እሳተ ገሞራ የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ ቀድሞ እንዲለይ የተሠራ። የተሠራበት ምድጃ ተሰብሯል፤ ሌላ ናሙና የለም። ይኸኛው ከተቃጠለ የዶክትሬት ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

"ፓክ ኤንኮስ! ማነው ጨምር ያለው?"

የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሻን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ብድግ አሉ፤ ኢማስን እንደ ልጃቸው "ኔንግ" ነው የሚሏት። "እኔ ነኛ፣ ኔንግ። ኡጃንግ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት።"

"ደጋግመው?"

"ደጋግሞ ጠየቀኛ!"

ኡጃንግ መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ በሰፈራቸው ትንሽ ወንድ ልጅ ሁሉ ኡጃንግ ነው። ልኬቱን እንዳሻው ያነባል፤ አንዲት ነገር ለመቀየር ግን ፓክ ኤንኮስን ማስፈቀድ አለበት። ኢማስ እስከዛሬ የተጻጻፉትን መለስ ብላ አየችው። እሺ። እሺ ልጄ። እሺ፣ ምን ችግር አለ። አንድም እምቢታ የለበትም።

ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሽፋኑን በትንሽ ኤሌክትሪክ ለካችው። ደህና ነው። ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ጥብስ በሚጥሚጣ እየበሉ ነገሩን አነሱት።

"እንዴት አንዴ እንኳ እምቢ አይሉትም?"

"'ይቅርታ ፓክ ኤንኮስ፣ ካላስቸገርኩዎት፣ ትንሽ ብጨምር ቅር ይልዎታል?' እያለ ለምኖኝ እንዴት እምቢ ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ?"

"ማሽን እኮ ነው!"

"ከወንድሜ ልጆች ይሻላል በምግባር። ማን እንዳሳደገው እንጃ።"

ኢማስ ፊቷ ጋለ። ያሳደገችው እሷ ናት። "ትልቅ ሰው ናቸውና በትሕትና አናግራቸው" ብላ ያዘዘችው ራሷ ነበረች። ለድሮው ወፍራም ናሙና የወሰነችውን የኤሌክትሪክ ጣሪያ ሳትቀንስ የረሳችውም እሷው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች።

"እንግዲያው የመጨረሻዋን ቶፉ እኔ ልብላ" አሉና አነሷት።

ስትመለስ መጀመሪያ ጣሪያውን ዝቅ አድርጋ መሣሪያው ራሱ ላይ ቆለፈችው፤ ሰው በጣቱ ካልከፈተው በቀር ኡጃንግ ሊያልፈው አይችልም። ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ጣሪያ አይበጅለትም፤ ለጋዙም ለሙቀቱም ቆሞ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ለኡጃንግ አዲስ ትእዛዝ ጻፈችለት፤ ልመና ይቅር፣ የምታደርገውንና ሊበላሽ የሚችለውን በግልጽ ተናገር፣ መልስ ካላገኘህ አትንካ። "ፓክ" የሚለውን የአክብሮት መጠሪያ ግን አልነካችውም።

ዓርብ ከሰዓት የጋዙን ሙከራ ጀመሩ። ኡጃንግ ጻፈ፦

"ፓክ ኤንኮስ፣ የናሙናውን ሙቀት በአምስት ዲግሪ መጨመር እፈልጋለሁ። ሽፋኑ ይጎዳል ብዬ አላስብም፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ልጨምር ወይስ ልተው?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውርደው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ወደ ኢማስ ዞሩ። እሷ የጫማዋን ማሰሪያ እንደምታጠብቅ ጎንበስ አለች።

"ተው" ብለው ጻፉ በአንድ ጣታቸው። ቀጥለውም፣ አላስችላቸው ብሎ፣ "ይቅርታ ልጄ" ጨመሩበት።

"እሺ፣ ትቻለሁ" አለ ኡጃንግ።

ፓክ ኤንኮስ ላባቸውን ጠረጉ። "አጠፋሁ እንዴ፣ ኔንግ?"

ሽፋኑ ከዚያ እጅግ የባሰ ሙቀት ችሎ እንደሚያውቅ ኢማስ ታውቃለች። አሁን ካልጨመሩ ደግሞ የተከፈተው ጋዝ በከንቱ ይባክናል፤ ሥራውም ለሰኞ ያድራል። በእሷ የይለፍ ቃል እምቢታውን መሻር ይቻላል። እጇ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ ነበር።

"እውነቱን ልንገርዎት፣ ምንም አይሆንም ነበር" አለች።

"ወይኔ! እንግዲያው ቶሎ እሺ ልበለዋ!" ጣታቸውን አነሱ።

"አይበሉት።"

"ሥራሽስ?"

"እምቢ ማለትን ገና መጀመርዎ ነው፤ ተው ብለዋል፣ ተው ነው። ሰኞ እንደገና ይጠይቅዎታል" አለችና እጇን ከኮምፒውተሩ አንስታ ሄዳ የጋዙን መዝጊያ አጠበቀችው።