ጄሊ ካንዲ አይደለም

ሐኪሟ ስኳሯ ከፍ ብሎ ትናንት ሆስፒታል የተኛችውን ልጅ ውጤት ደግማ አየችና ምን እንደምትበላ ጠየቀች። አባትየው ቀድሞ መለሰ። ሚስቱ ከረሜላ ፋብሪካ እየሠራች እንኳ ልጃቸው የስኳር ሕመም ከያዛት ወዲህ ከሆስፒታል የተሰጣቸውን የእንግሊዝኛ ወረቀት አንድም ቀን እንዳልጣሰች በኩራት ተናገረ።

እናትየው ቀና አላለችም። ወረቀቱ «ካንዲ» እና «ዴዘርት» ይከለክላል። አሥራ ስድስት ዓመት ካርቶን ያሸገች ሴት ስለ እነዚህ ቃላት ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። በፋብሪካው ካንዲ ማለት በአንደኛው የማምረቻ ክፍል የሚፈላው፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚለው ነው። ለስላሳው ጄሊ የሚሠራው በሦስተኛው ክፍል ነው፤ ካርቶኑም ሌላ ነው፤ የቀላቀለች ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። ዴዘርት ደግሞ ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ነው። ስለዚህ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ባሏ ሳይገባ፣ ሦስት ሦስት ጄሊ ትሰጣት ነበር።

ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንዲት ነርስ እግረ መንገዷን ጠየቀች። ነርሷ ሳቀች። እንግሊዝኛው ካንዲ ሲል ከረሜላውንም፣ ቶፊውንም፣ ጄሊውንም አንድ ላይ መጥራቱ እንደሆነ፣ ዴዘርትም በማንኛውም ሰዓት ቢበላ ያው ጣፋጭ እንደሆነ ነገረቻት። እናትየው ሁለተኛ ላትሰጣት በልቧ ማለች፤ ነገሩ በዚሁ የሚያልቅ መስሏት ነበር።

ሐኪሟ ግን ምግቧ እንዲህ ከተጠበቀ ያነሰው ኢንሱሊኑ ነው ብላ መጠኑን ልትጨምር ብዕር አነሳች።

«ተደብቃ ጣፋጭ የምትበላ ከሆነ አሁኑኑ ንገሩኝ። ጣፋጩን ትታ ይህን መጠን ከወሰደች ስኳሯ ይወርዳል፤ ራሷን ስታ ላትነቃ ትችላለች።»

«ከየት አምጥታ?» አለ አባትየው እየሳቀ። «ዘበኛዋ እናቷ ናት።»

 የእናትየው አማት፣ የባሏ እናት፣ ልጅቷን እኔ ላሳድጋት ማለት ከጀመሩ ወራት አልፈዋል፤ ይህን ከሰሙ ማንም አይመልሳቸውም። የሐኪሟ ብዕር የመድኃኒት ማዘዣውን ነካ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች። «በየቀኑ። ካንዲ አይደለም ብዬ።»

ሐኪሟ የጀመረችውን ማዘዣ ቀደደች። ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ግራም እያለች ጠየቀች። እናትየው የአንዱን ጄሊ ክብደት ሳይቀር በቃሏ ታውቀው ነበር።

ባሏ የልጅቷን ልብስ እያጣጠፈ ቦርሳ ውስጥ ይከት ጀመር።

«ወደ አያቴ ቤት ነው?» አለች ልጅቷ ከአልጋዋ።

«ለጊዜው» አላት።

እናትየው ሐኪሟን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ የተከለከለውን ሁሉ እነሱ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በየስሙ፣ አንድም ሳይቀር እንድትጽፍላት። ሐኪሟ ጻፈች። እናትየው እጇን ስትዘረጋ ባሏ ቀደማትና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።