የናጃህ እንግዶች

ዓለምዘውድ ከለቅሶው ድንኳን ሲወጣ ይህ አራተኛ ጊዜው ነው። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ጨርሰው ፊታቸውን በመዳፋቸው እስኪያብሱ ጠበቀና ተነሣ። ከተከመረው ጫማ መሐል የራሱን ፈልጎ አጠለቀ፤ እስከ ቡታጅራው አስፋልት ተራምዶ ተመለሰ። የሟቿ ወንድም ሙሀመድአወል በር ላይ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ የጎደለብዎት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

እግሩ አልነበረም። ናጃህ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ እሱንም፣ የቢሮ አለቃዋን፣ «አላህ ያጽናህ» ይለዋል። ባጽናኑት ቁጥር የተቀመጠበት የጅባ ምንጣፍ እሾህ ይሆንበታል።

ወልቂጤ፣ በዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ቢሮ፣ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከደቡብ ሱዳንና ከሶማሊያ ለትምህርት የሚመጡትን ልጆች፣ ቢሮው ‹እንግዶቹ› የሚላቸውን፣ ቦሌ ድረስ ሄዳ የምትቀበል፣ ብርድ ልብስ የምታሟላ፣ ሲከፋቸው ቤቷ ወስዳ የምታበላ እሷ ነበረች። አንዴ አንድ ተማሪ ወባ ጥሎት ሆስፒታል ሲተኛ ሦስት ቀን አጠገቡ ከርማ፣ በአራተኛው ጠዋት በሰዓቷ ቢሮ ተገኘች። ዓለምዘውድ ይህን በስብሰባ ላይ ለምሳሌነት አነሣው፤ ተጨበጨበላት። ተኝታ ታውቅ እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም።

ሐምሌ ላይ የቢሮውን በር ገፋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ብወስድስ? ልቤ ዝም ብሎ ይመታል፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል» አለችው።

ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። «እንግዶቹ ይግቡና።»

እንግዶቹ ገቡ። ሌሎች ተከተሉ። ናጃህ ሁለተኛ አልጠየቀችም። በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ለባብሳ፣ ሻርፗን እያስተካከለች ሳለ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች።

ዛሬ ለቅሶው ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መታገሥ አልቻለም። ሙሀመድአወልን አስፈቅዶ እናቷ አሚኔ ወደተቀመጡበት ክፍል ገባና በርከክ አለ።

«እማማ፣ ዕረፍት ጠይቃኝ ነበር። ከለከልኳት።»

አሮጊቷ የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር አላቆሙም። «አውቃለሁ። ነግራኛለች።»

ዓለምዘውድ አንገቱን ደፋ።

«እሷ አልተቀየመችህም። ‹ሥራ በዝቶበት ነው እማ› ነው ያለችኝ። እኔ ግን ተቀይሜሃለሁ።» ቀና ብለው አዩት፤ ዓይናቸው ደርቋል። «‹ልጅዎ ደግ ነበረች› ልትለኝ መጥተህ ቢሆን አስወጣህ ነበር። ደግነቷን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በል ሂድ፣ እህል ቅመስ። ነገም ና፤ ቅያሜዬ ባንድ ቀን አይወጣልኝም።»

«እመጣለሁ» አለ።

የቀረበለትን በግድ ዋጥ ዋጥ አድርጎ ሲወጣ ብርቱካንን አጥሩን ተደግፋ አገኛት። ናጃህ ሥራ ያስተማረቻት፣ አሁን በቦታዋ የተተካችው ወጣት ናት። ስልኳን ዘግታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«ማን ነው?»

«ከጁባ የሚመጡት ናቸው። ከነገ ወዲያ ይገባሉ፤ ‹ናጃህ ስልክ አታነሣም› ይላሉ። እኔ እቀበላችኋለሁ አልኳቸው።»

«አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ» አለች፣ በቢሯቸው ሁሉም እንደሚለው፣ ቶሎ ብላ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አልፏት ይሄድ ነበር። አሁን ግን ቆመ። አንድ ባጃጅ አቧራውን አጭሶ አለፈ። ብርቱካን ስልኳን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች።

«ከማክሰኞ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወንበሯ ላይ እኮ ነው የምቀመጠው።»

«ሁለት ሳምንት ቢሮ እንዳላይሽ። ቤትሽ ሁኚ።»

«እንግዶቹስ?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«አያውቋቸውም እኮ ጋሼ።»

እውነቷን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለበላይ ያቀረበው ሪፖርት ቁጥራቸውን እንጂ ስማቸውን አይዝም ነበር። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ ወረቀት ቢፈልግ አጣ። ግራ መዳፉን ዘረጋ።

«ስማቸውን ንገሪኝ። ቀስ እያልሽ።»

«የመጀመሪያዋ…» እንባዋ አቋረጣት። «አቾል ትባላለች።»

ዓለምዘውድ መዳፉ ላይ «አቾል» ብሎ ጻፈና፣ ላቡ እንዳያጠፋው እፍ አለበት።