የሐውልቱ አገጭ

በሙዚየሙ የተሰባበረ ቅርስ የምትጠግነው ሴት የማትሽረው አንድ ሕግ ነበራት፤ በጀሶ የሞላችው ቦታ ሁሉ ከዋናው ድንጋይ ነጣ ማለት አለበት። ሰው አዲሱን ከጥንቱ ጋር እንዳያምታታ ነው። ባልደረቦቿ "እሜቴ ነጣ ይበል" እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች።

ከቁፋሮ የወጣው የድንጋይ ንጉሥ ግን አገጭ አልነበረውም። ዳይሬክተሩ ደግሞ ጋሪውን ከፈረሱ አስቀድሞ፣ የአገሩ ሁሉ አባት ይህ ነው ብሎ አውጆ፣ ምስሉን ለመማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ሰጥቷል።

"የአገር አባት ተለጥፎ አይታይም፤ አመሳስይው" አላት።

ተከራከረች፣ ተቆጣች፣ ኋላ ሥራዋን እንዳታጣ እሺ አለች። የምትቀዳው አገጭ ስላጣች መስተዋት አቁማ የራሷን በጀሶ ቀረጸች፤ መጋጠሚያው እስኪጠፋም ቀባችው።

ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳት። የስንቱ ልጅ የእሷን አገጭ የአባቴ ነው ብሎ ሊማር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን እስኪጠራ የምትጠብቅበት ትዕግሥት አልነበራትም። በምርቃቱ ዕለት እንግዶች ሳይገቡ ቀለሙን ፍቃ ውሸቷን ራሷ ልታጋልጥ ማልዳ ገባች።

ፋቀች። ከቀለሙ ሥር ጀሶ የለም፤ ድንጋይ ነው። መብራት አስጠግታ መጋጠሚያውን በጥፍሯ ፈለገች። ከግንባር እስከ አንገት አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ፈራች።

ዳይሬክተሩን ጠርታ አገጩን የሠራችው እሷ መሆኗን እንዲመሰክር ለመነችው። ሰውየው በቁፋሮው ቀን የተነሣውን ፎቶ አወጣ። ንጉሡ አፈር ውስጥ ተጋድሟል፤ አገጩ ሙሉ ነው።

"መቼ ጎድሎ ያውቃል?" አላት፤ የሚያሾፍ አይመስልም። ደክሟት እንደሆነ ነግሮ ፊቷን እንድትታጠብ ላካት።

ታጥባ ቀና ስትል መስተዋቱ ውስጥ ከከንፈሯ ሥር ቀጭን መስመር አየች። ከመስመሩ በታች ቆዳዋ ነጣ ብሏል። ስትነካው ቀዘቀዛት፤ ጣቷ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ።

ሮጣ ስትወጣ አዳራሹ ተከፍቷል። እናቷ ከተጋባዦቹ ጋር ገብታ የድንጋዩን አገጭ እየዳበሰች "ልጄ፣ ልጄ" ትላለች። ጠጋኟ ክንዷን ያዘች።

"እማዬ፣ እኔ እዚህ ነኝ።"

እናቷ ዞራ ፊቷን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ለማያውቁት ሰው በሚሰጥ ትሕትና መለሰችላት።

"ይቅርታ፣ አላወቅሁዎትም። የማን ልጅ ነዎት?"