ቆሞ የሚዞር ጭቃ

አክስቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሰፈሩ ውስጥ የእሷ እጅ ያበጀው ጎድጓዳ ሳህን ወይም ማሰሮ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በእግር በሚገፋ ማሽከርከሪያ ነበር። ከታች ያለውን ከባድ ክብ ድንጋይ በቀኝ እግሯ ትገፋዋለች፣ ከላይ ያለው ጣውላ ይዞራል፣ ጭቃው በእጆቿ መካከል ያድጋል። ባለፈው ዓመት ግን ስትሮክ ጣላት። ነፍሷ ተረፈች፣ ንግግሯም ቀስ እያለ ተመለሰ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን አኩርፈው ቀሩ።

ባሏን ጋሽ ሊፍት እንለዋለን። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የፎቅ ቤት ሊፍት ሲጠግን ነው የኖረው። ሌላው ሰው ሕፃን ሲያይ ፊቱ እንደሚፈታ፣ የእሱ ፊት ሞተር ሲያይ ይፈታል። አንድ ቀን ጠዋት ደወለልኝ።

«ስሚ፣ መኪናሽን ይዘሽ ነይ። በመብራት የሚሠራ ማሽከርከሪያ ልንገዛላት ነው።»

«አክስቴ እሺ አለች?»

«እሺም አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ሳታስብበት እንቅደማት።»

ስደርስ በጓሮ በኩል ያለችውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ባዶ አድርጎ ግድግዳዋን ነጭ ቀለም ቀብቷታል። መስኮቷ ሰፊ ነው፣ ወለሏ ሴራሚክ፣ ጥጓ ላይ የውሃ መውረጃ አላት። ሶኬቱንም ውሃ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጎ ተክሎታል። ችግሩ በሩ ነው፤ ጠባብ ነው። ጋሽ ሊፍት ሜትሩ ስለጠፋበት የበሩን ስፋት በገዛ ቀበቶው ለክቶ፣ ልኩ ያረፈበት ላይ በእስክሪፕቶ አስምሮበታል።

አክስቴ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። «እኔ እኮ ለማየት ብቻ ነው የምመጣው» አለች፣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ አንስታ ጭኗ ላይ እያስቀመጠች።

ሱቁ ትልቅ መጋዘን ነው። ከፊት ማሽኖቹ ተደርድረዋል፣ ከኋላ የጭቃ ከረጢት እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ባለሱቋ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ነበር፤ ራሷም ሸክላ እንደምትሠራ ሽርጧ ላይ የደረቀው ጭቃ ይናገራል።

ጋሽ ሊፍት ሳይጠይቅ ሳይመረምር ወደ ትልቁ ማሽን ሄደ። «ይሄ ነው! ሞተሩን እዩት፣ በሬ እኮ ነው!» ወዲያው ቀበቶውን ፈትቶ ወርዱን መለካት ጀመረ። በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ቀበቶውን ይዞ ጎንበስ ቀና ሲል አክስቴ አላስቻላትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሱሪህን ያዝ! ማሽን ልንገዛ መጥተን ልታዋርደን ነው?»

ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ትልቁ ማሽን ግን ቀበቶው ላይ ያለውን መስመር አልፎ ሄደ። በበሩ አይገባም።

«ጉልበቱ ብቻ አይታይም፣ ጋሼ» አለች ባለሱቋ፣ መካከለኛ ወደ ሆነው እየመራችን። «ጭቃውን ሲጫኑት ሞተሩ መልፈስፈስ የለበትም። በቀስታ ሲዞር ደግሞ መንገጫገጭ የለበትም። እስኪ እጅዎን እዚህ ያሳርፉ።»

ጋሽ ሊፍት መዳፉን ጠርዙ ላይ አሳረፈ። ማሽኑ ይዞራል፤ ድምፁ ግን ከትንፋሽ አይበልጥም። «እየሠራ ነው?» አለ ግራ ገብቶት። ብዙ ሞተር የሰማው ጆሮው ምንም አላገኘም።

አክስቴ ተቀመጠች። የፍጥነት ፔዳሉ በቀኝ በኩል ነበር፤ እግሯ አልታዘዝ አላት። ባለሱቋ ፔዳሉን በገመዱ ጎትታ ወደ ግራ አዞረችላት። ከዚያ የተቦካ ጭቃ አምጥታ ዝርጉ ክብ ብረት ላይ ጣል አደረገች። አክስቴ ውሃ ነካክታ በሁለት እጇ ያዘችው። ቀኝ እጇ ገና ሲገፋ ከዳት። ጭቃው ተወላገደ፣ ተንገዳገደ፣ ተነቅሎ ሄዶ ጋሽ ሊፍት ሆድ ላይ ተለጠፈ።

አሁን ማንም አልሳቀም። አክስቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በቃ፣ አየሁት። እንሂድ።»

ባለሱቋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እትዬ፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራልዎት የትኛው እጅዎ ነበር?»

«ቀኙ። እሱ ደግሞ ይኸው፣ የለም።»

«እንግዲያው ግራው ይሥራ፣ ቀኙ ይደግፍ።»

«ማሽኑ የሚዞረው ለቀኝ እጅ ነዋ፣ የኔ እመቤት። ሸክላ አላስተምርሽም።»

«ለግራም ይዞራል» አለች ባለሱቋ። እጇን ከሥር ሰዳ የጣት ጥፍር የምታህል ማብሪያ ቀጭ አደረገች።

ክቡ ብረት መዞር ጀመረ፤ በተቃራኒው። አክስቴ አፏን ከፍታ አየችው። ዕድሜ ልኳን በአንድ በኩል ሲዞር ያየችው ነገር በሌላ በኩል ሲሄድ፣ ፀሐይ ከመጥለቂያዋ ስትወጣ ያየች ነው የምትመስለው።

«ወደ ኋላ?» አለ ጋሽ ሊፍት።

«ወደ ኋላ አይደለም ጋሼ፣ በሌላው በኩል ነው።»

ሌላ ጭቃ መጣ። አክስቴ ግራ ክርኗን ጭኗ ላይ ተከለች፣ ጎንበስ አለች፣ በግራ መዳፏ ተጫነች። ቀኝ እጇን ባለሱቋ አንስታ ከላይ አሳረፈችላት። ጭቃው መጀመሪያ እንደ ሰካራም ይወዛወዝ ነበር። እሷ ዐይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ያዘች። ውዝዋዜው እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ።

ጋሽ ሊፍት ክንዴን ጨበጠኝ። «ቆመ እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

እኔም የቆመ ነበር የመሰለኝ። ርጥብ ጭቃው ላይ የመስኮቱ ብርሃን እንደ ተሰቀለ ሆኖ ቀርቷል፤ ቅንጣት አይነቃነቅም። ሥሩ ያለው ብረት ግን ይበርራል።

«አልቆመም» አለች ባለሱቋ፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መሃሉን አገኘ።»

ከጀርባችን ሊገዙ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው ያያሉ። አክስቴ ዐይኗን ገልጣ ግራ አውራ ጣቷን መሃሉ ላይ ሰደደች፤ ጭቃው ያለ ክርክር ተከፈተ። ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ ውስጡ አስገባች። ያ ማንኪያ እንኳ የሚከብደው እጅ እዚያ ውስጥ ዝም ብሎ ቆሞ ደገፈ፣ ግራው ከውጭ ወደ ላይ ሳበ፣ ግድግዳው በመካከላቸው ተነሣ። አፉ ትንሽ ዘመም ያለ ጎድጓዳ ሳህን ሆነ። ጋሽ ሊፍት ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ረስቶ ቆሞ ያለቅሳል።

«ይኼን እወስዳለሁ» አለች አክስቴ።

«ማሽኑን ወይስ ሳህኑን?» አለች ባለሱቋ።

«ሁለቱንም።»

ማሽኑ በበሩ አልፎ መስኮቱ ሥር ተተከለ። ከሁለት ወር በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጋሽ ሊፍት እጄን ይዞ አክስቴ ወደምትሠራበት የጓሮ ክፍል ወሰደኝና ሁለት ሳህን አሳየኝ፤ አንዱ ከሕመሟ በፊት የተሠራ፣ አንዱ አዲስ። «ውስጣቸውን እዪ» አለኝ። የአሮጌው የጣት ፈለግ ከሥሩ ተነሥቶ በአንድ በኩል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ የአዲሱ በሌላው በኩል። አንዲት ሴት፣ አንድ ዓይነት ጭቃ፣ ሁለት መንገድ። ጣቴን በአሮጌው ጠመዝማዛ ላይ ነዳሁት፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ዘረጋሁ።

«አንቺ ልጅ!» አለች አክስቴ፣ ከሚዞረው ጭቃ ላይ ቀና ሳትል። «እሱን እንዳትነኪው፣ ገና በእሳት አልተተኮሰም። ይልቅ ውሃ ቅጂልኝ።»