አሥር ኪሎው ሲነሣ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ስድስቱ የነሐስ ክብደቶች በቀይ ጨርቅ በተለበጠው ሣጥን ውስጥ እንደየመጠናቸው ተደርድረዋል። ሰባተኛው፣ ባለ እጀታው አሥር ኪሎ፣ ለብቻው በሸራ ከረጢት ውስጥ ነው። ሌሎች የሚዛን መርማሪዎች ስለሚከብዳቸው ቢሮ ትተውት ይወጣሉ፤ ይህች መርማሪ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ትታው አልወጣችም። ያተመችበት ሚዛን ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቶ አያውቅም። ከታላቅ እህቷ ጋርም ከስድስት ዓመት ወዲህ ተኳርፈው አያውቁም።

«የእኔን ሚዛን የምትጠራጠር ሚስቴ ብቻ ናት» አለ ሥጋ ሻጩ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። «እሷም ቢሆን የምትጠራጠረው እኔን ነው።»

መርማሪዋ አንድ ኪሎውን አስቀመጠች። ጠቋሚው አንድ ላይ ቆመ። ሁለት ኪሎውን ጨመረች፤ ሦስት ላይ ቆመ።

«እንግዲህ ማኅተሟን ጣል ያድርጓት። ደግሞ ምስጋና አለብኝ። ያንን ገንዘብ አስገብተው የሚያተርፉበትን የስጦታ ክበብ እርስዎ መርምረውታል ሲሉኝ እኔም ልገባ ወሰንኩ።»

እጇ ከረጢቱ ላይ ቀረ። «ማነው ያለው?»

«እህትዎ ናቸዋ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሳቸው በሚሠሩበት ስፌት ቤት አሥራ አንድ ሴቶች ክበቡ ውስጥ ይገባሉ፤ የእኔ ተራ ሰኞ ነው። ‹እህቴ ሚዛን መርማሪ ናት፤ ገንዘብ አስገብታ፣ አውጥታ አይታዋለች› ብለዋል።»

ሐሰት አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት እህቷ ስልኳን አምጥታ ክበቡን እንድትሞክርላት ስትለምናት፣ ክሪፕቶ በሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ አሥር ዶላር አስገብታ ነበር። በሁለተኛው ቀን አሥራ አንድ ሆኖ ወጣላት። «ይሠራል» አለች። አንዲት ቃል ነች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላሰበችውም።

ትንንሾቹን ክብደቶች አውርዳ አሥር ኪሎውን በሁለት እጇ አንሥታ ሚዛኑ ላይ አኖረችው። ጠቋሚው አሥርን አልፎ አራት መቶ ግራም ሄደ። ስታነሣው ደግሞ ወደ ዜሮ አልተመለሰም፤ ትንሽ ቀረት ብሎ ቆመ።

«አርጅቶ ነው» አለ ሥጋ ሻጩ።

«በአንድ ኪሎ ጊዜ አላረጀም ነበር።»

ሚዛኑን ከሥራ የሚያግደውን ቀይ ተለጣፊ ለጠፈችበት። ወደ ስፌት ቤቱ ስትሄድ ከረጢቱ ጉልበቷን ይመታት ነበር። በሚዛን የሚያጭበረብር ሰው በትንሹ ክብደት ሐቀኛ ሆኖ በትልቁ እንደሚሰርቅ፣ ያን ያህል ዓመት ለአዳዲስ መርማሪዎች ያስተማረችው እሷ ራሷ ናት።

እህቷ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ ታሰምር ነበር።

«እትዬ፣ ስሜን ጠርተሻል።»

«በክፉ አልጠራሁት።»

«የሞከርኩት በአሥር ዶላር ነው።»

«ወጥቶልሻል አይደል? ያውም ከነትርፉ።»

«ትርፏን ማን ሰጠኝ?»

«ከታች የገባ ሰው።»

«ለእሱስ ማን ይሰጠዋል?»

እህቷ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺማ ለመጠራጠር ደመወዝ የሚከፈልሽ ሰው ነሽ። ሰው ሲሰጥሽ እንኳ ገልብጠሽ ነው የምታዪው።»

መርማሪዋ ጠመኔውን ወሰደች። በክበቡ ሕግ አንዷ ሴት ስምንት ስጦታ እንድትቀበል ስምንት ሰው ከሥሯ መግባት አለበት። ለአሥራ አንዱ ሰማንያ ስምንት። ለሰማንያ ስምንቱ ሰባት መቶ አራት። ለእነሱ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት። ቁጥሮቹን ከኮት እጅጌው ንድፍ አጠገብ ጻፈቻቸው።

«ይህን ሁሉ ሰው ከየት ታመጫለሽ?»

እህቷ ብሩሽ አንሥታ ቁጥሮቹን ጠረገች፤ የእጅጌውን መስመር ግን አልነካችም። «አራት መቶ ዶላር አስገብቻለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሁለት ዓመት ቁጠባዬ ነው፤ የራሴን ማሽን የምገዛበት። አሁን ዘጠኝ መቶ ስልሳ ደርሷል። በዓይኔ እያየሁት ነው።»

«እንግዲያው በፊታቸው አውጪው። ሙሉውን። ከወጣ እኔ ራሴ እመሰክርልሻለሁ።»

«ካልወጣስ?»

መርማሪዋ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አኖረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አንዱ ሴቶች በስፌት ማሽኖቹ መካከል ተቀመጡ። የክበቡ አስተባባሪ ነጭ ጫማ ያደረገ፣ ሁሉንም «ቤተሰብ» እያለ የሚጠራ ወጣት ነው። «ይህ ንግድ አይደለም» አለ። «ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ደረሰኝ አይጠየቅበትም።»

«መጀመሪያ የእኔን ላውጣ» አለች እህቷ።

ወጣቱ ፈገግታው ሳይጠፋ አንገቱን ነቀነቀ። «አሁን የምታወጪው ለምን? እያደገ ነው እኮ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ» አለች ቁልፍ የምትተክለው አሮጊት። «እስኪ ዛሬ እንኳ ወተቷን እንያት።»

ሴቶቹ ሳቁ። እህቷ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ብላ ጽፋ ተጫነችው። ስልኩ ላይ ክብ ነገር ትንሽ ዞረና ጽሑፍ ወጣ። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ለማስለቀቂያ መቶ ዘጠና ሁለት ዶላር ያስገቡ።»

«ቀላል ክፍያ ናት» አለ ወጣቱ።

«ከዘጠኝ መቶ ስልሳው ላይ ቀንሱዋ» አለች መርማሪዋ።

«ሥርዓቱ አይፈቅድም።»

«የራሷ ገንዘብ ከሆነ ለምን አይፈቅድም?»

ወጣቱ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ይህን ክበብ መርምራ ያጸደቀችው ራሷ አይደለችም እንዴ?»

መርማሪዋ ከረጢቱን ማሽኑ ላይ አሳረፈችው፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

«እኔ ነኝ» አለች። «አሥር ዶላር ብቻ አስገብቼ ሞከርኩት። ትንሿን ክብደት አስቀምጬ ትልቁን ሳልሞክር አተምኩ። ስሜን አምናችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ማኅተሜን አንሥቻለሁ።»

እህቷ አላየቻትም። ስልኳን አሁንም በሁለት እጇ ይዛው ነበር።

አሮጊቷ መጀመሪያ ተነሣች። ስምንት ሴቶች ስልካቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ሦስቱ አስተባባሪውን ተከትለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ከመካከላቸው አንዷ ስታልፍ «ምቀኝነት ነው» ስትል ተሰማች።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ እህቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ማሽኑን እኮ መርጬ ነበር» አለች። «ቀለሙን ሳይቀር።»

መርማሪዋ አጠገቧ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እህቷም ሂጂ አላለቻትም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እህቷ በመርማሪዋ ቢሮ በር ላይ ቆማ ስልኳን ዘረጋችላት። ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ደርሷል፤ ከቅዳሜ ሁለት በመቶ ጨምሯል። ከሥሩ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «የወጣ ገንዘብ» የሚል መስመር ነበር። ዜሮ።