የድንበሩ ተራ

የሰፈሩ አረጋውያን በየተራ መሞት የጀመሩት፣ ከተማው ለአረጋውያን ማዋያ ቤቱ የሚሰጠውን በጀት ባቋረጠ በሳምንቱ ነው።

ማዋያው ትልቅ ነገር አልነበረም። ትኩስ ምሳ ነበረው፤ ደም ግፊት የምትለካ ነርስ ነበረችው፤ ከሁሉም በላይ ግን አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነበረው። ሲዘጋ ሁሉም ወደየቤቱ ገባና ከግድግዳው ጋር ተፋጠጠ።

እድሩ ግን አልተዘጋም። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ነበረው። ደንቡም ግልጽ ነው፤ አባል ሲሞት ድንኳን ሦስት ቀን ይቆማል፣ ጎረቤት ምግብ ያመጣል፣ ሰው ይቀመጣል። በሕይወት ላለ አባል ምን እንደሚደረግ ደንቡ አይናገርም። ስለዚህ አንዱ ይሞታል፣ ሌሎቹ ይሰበሰባሉ። ነርሷም ለቅሶ ደራሽ ሆና ትመጣና ግፊታቸውን ትለካለች። በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ሟች ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ከተረፈው ይበላል።

መጀመሪያ የሚመለሰው ድምፁ ነው። አካሉ የደጁን ወሬ ተከትሎ ኋላ ይመጣል። ወሬው ከተቋረጠ ግን መንገዱን ያጣል። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ዝም አይባልም። ካርታ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ የሟችን ጉድ ያወራሉ።

ከአባላቱ አንዱ፣ ሽማግሌው ድንበሩ፣ የመሞት ተራውን ሁለት ጊዜ ዘሏል።

“ዛሬስ ሰበብህ ምንድን ነው?” አለችው አልጣሽ። ቤታቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው።

“ወገቤን አሞኛል።”

“ለመሞት ደግሞ ወገብ ምን ያደርጋል? ተጋድመህ አይደል እንዴ የምትውለው።”

ወገቡን በሁለት እጁ ያዘ።

“ፈሪ” አለችው።

በወጣትነቱ ሸክም እየተሸከመ ሲኖር፣ አንድ ጆንያ ለብሰው አብረው የሚያድሩት ጓደኛ ነበረው። አንድ ጠዋት ጓደኛው ሳይነሣ ቀረ። ሁለቱም እድር አልነበራቸውም። ድንኳን አልተተከለም፣ የተቀመጠም ሰው የለም። ጋሪ መጣና ወሰደው። ድንበሩ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለአልጣሽም አልነገራትም።

“እሺ፣ ያንተን እኔ እሞትልሃለሁ” አለች። “የሚቀጥለውን ግን አለቅህም። ደግሞ ካርታ ላይ እንዳታጭበረብር፤ እሰማለሁ።”

ገብታ ተጋደመችና ሞተች። ጥሩንባ ተነፋ፤ ድንኳኑ በደጇ ተተከለ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ወጣት የወረዳ ኃላፊ አውቶቡስ ይዞ መጣ።

“እናቶች፣ አባቶች፣ የምሥራች” አለ። “በጀቱ ተለቋል። ማዋያው ዛሬ ይከፈታል፤ ካሜራ እየጠበቀን ነው። ለእንግዶች የሚሆን ድንኳን ስላጣን ይሄንን ብታውሱን።”

የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። “ትንሽ ቀርቷታል” አለ።

“ለማን?”

“ለሟቿ። እስኪመሽ ነው።”

“ነፍስ ይማር” አለ ኃላፊው። “ግን ሰዓት የለንም። ዛሬ ቤቱ ባዶ ሆኖ ከታየ በጀቱ ለሌላ ወረዳ ይዞራል።”

አቶ ሽብሩ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ማዋያው ከተዘጋ ወዲህ ከድንበሩ በቀር ሁሉም ሞተው ተነሥተዋል፤ በተነሡ ቁጥር ደግሞ እየከሱ ነው።

“ይነቀል” አለ።

ምሰሶው ወረደ፤ ሸራው ተጠቀለለ። ሰዎቹ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ተሳፈሩ። ነርሷም ተሳፈረች።

“ጋሼ፣ እርስዎስ?” አለ ኃላፊው።

“እቀመጣለሁ” አለ ድንበሩ።

“ወንበሮቹን እኮ ጭነናቸዋል።”

“አይቻለሁ።”

አውቶቡሱ ሄደ። ድንኳኑም አብሮ ሄደ፤ ጥላው ግን መሬቱ ላይ ቀረ። ድንበሩ ድንጋይ ስቦ ጥላው ውስጥ ተቀመጠ። ማውራት ነበረበት፤ ወሬው ከተቋረጠ አልጣሽ መንገዱን ታጣለች። አንድ ሰው ብቻውን እንዴት እንደ ብዙ ሰው እንደሚያወራ አያውቅም።

“ጨዋታው እንዴት ነው?” አለ ጮክ ብሎ።

ቆየና “ደህና ነው” ብሎ ራሱ መለሰ።

“ድንበሩ” አለች አልጣሽ ከውስጥ።

“አቤት።”

“ሰው አለ?”

“ሞልቷል።”

“ታዲያ ምነው ጭር አለ?”

“ምግብ ቀርቦ ነው። እየበሉ ነው።”



“በል ይብሉ” አለች። “እንዳትረብሻቸው።”

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ድንበሩ ድምፁን አንዴ እያቀጠነ፣ አንዴ እያጎረነነ አወራ፤ ራሱን ሰደበ፤ ለስድቡም ሳቀ። ፀሐይዋ ዞረች። የቤቱም፣ የአጥሩም፣ የእሱም ጥላ ወደ ምሥራቅ ረዘመ። የድንኳኑ ጥላ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ነፋስ ሳይኖር ጠርዙ እንደ ሸራ ይርገበገብ ነበር።