ዝቅ ያለው የብስክሌት መሪ

በሜክሲኮዋ የኮዙሜል ደሴት ብስክሌት ስጠግን ሃያ ዓመት ሆኖኛል። በአንድ ቀን ዋኝተው፣ ብስክሌት ነድተውና ሮጠው ከሚወዳደሩት ሁሉ እንደ ኤሊሴዮ ለብስክሌቱ የሚጨነቅ አላየሁም። እንጀራውም ይኸው ውድድር ነው። ለውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው መሪውን ዝቅ እንዳደርግለት መጣ።

«ነፋሱ እንዳይዘኝ ነው፣ ዶን ኤውሴቢዮ።»

ዝቅ አደረግሁለት።

«ትንሽ ይጨምሩልኝ።»

«ከዚህ ካለፈ አገጭህ ጎማው ላይ ያርፋል፣ ልጄ።»

«ይረፍ፤ ከነፋስ ይደበቃል» አለኝ ከልቡ።

በውድድሩ ቀን በብስክሌቱ ሁሉንም ጥሎ ቀድሞ ደረሰ። ለሩጫው ሲወርድ ግን ወገቡ አልቃና አለው። እንደታጠፈ፣ አስፋልቱን እያየ መሮጥ ጀመረ። መንገድ ዳር ታማል የሚባለውን የበቆሎ ምግብ የሚሸጡት ዶኛ ኦፌሊያ አዘኑለትና፣ «ምን ጠፋብህ የኔ ልጅ? እንፈልግልህ?» አሉት።

«ወገቤ» አላቸው ሳይቆም።

መቶ ሰማንያኛ ወጣ። ስሜ ጠፋ፣ ደንበኛ ሊሸሸኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ በማግስቱ አሥራ አንድ ተወዳዳሪዎች ደጄ ላይ ተሰልፈው አገኘሁ።

«እንደ ኤሊሴዮ ዝቅ ያድርጉልን» አሉኝ።

«የወገቡን ነገር አልሰማችሁም?»

«ወገብማ የግል ጉዳይ ነው» ብሎ አንዱ ብስክሌቱን አስጠጋልኝ።